ከአማቴ መደርደሪያ ያነሣሁት ጠርሙስ

አማቴ ጎሮ ውስጥ የእርሻ መድኃኒት ይሸጣሉ። ሱቁ ከግቢያቸው በር ጋር የተያያዘ አንድ ክፍል ነው፤ ፊቱ ወደ መንገዱ፣ ጀርባው ወደ ሳሎናቸው። ጎሮ እንዲህ ፎቅ በፎቅ ሳይሆን በፊት የባለቤቴ አባት እዚያው አካባቢ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ ነበር። እርሻው ወደ ሰፈርነት ሲቀየር ለቤተሰቡ የተረፈው ቤቱና ግቢው ነው። አባትየው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። አማቴ ከከተማ ሥራ የሚያውቁት ስላልነበራቸው በሚያውቁት ገቡ፤ የአትክልት ዘር፣ የመርጫ ዕቃ፣ የተባይና የፈንገስ መድኃኒት መሸጥ ጀመሩ። ደንበኞቻቸው ከከተማው ጫፍ ወዲያ በወንዝ ውኃ ቲማቲም፣ ጎመንና ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ወይ ዘመዶቻቸው ናቸው፣ ወይ የባለቤታቸው የድሮ ጎረቤቶች።

እኔ ደግሞ ቦሌ ባለ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ በሰብል በሽታ ላይ እሠራለሁ። ሥራችን ሲነገር ቀላል ነው። ከታመመ ተክል ላይ ፈንገሱን ለይተን እናወጣለን፣ መድኃኒት በተቀላቀለበት ምግብ ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ከዚያ ማደግ አለማደጉን እናያለን። ካላደገ መድኃኒቱ ገና ጉልበት አለው። ካደገ ወይ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መድኃኒት አይደለም፣ ወይ ፈንገሱ ለምዶታል።

መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ገበሬ መድኃኒቱ አልሠራልኝም ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባለሱቁ ነው። በውኃ አቅጥኖ ሸጧል፣ ጊዜው ባለፈበት ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፏል፣ ባዶ ጠርሙስ ሰብስቦ ሞልቶበታል ይባላል። አንዳንዴም እውነት ሆኖ ተገኝቷል። እኔም ከባልደረቦቼ ጋር አብሬ ስቄያለሁ፣ አብሬ ተናድጃለሁ። የአማቴ ሱቅ ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። «አማትህ ምን ይሠራሉ?» ሲሉኝ «ይነግዳሉ» እልና ሌላ ወሬ አመጣለሁ።

ይህን ስል አማቴ ምን ያህል በደግነት እንደያዙን ልንገራችሁ። ባለቤቴን ካገባሁ በኋላ የራሳችን ቤት እስኪኖረን ድረስ የኖርነው በእሳቸው ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ልጃችን የተወለደችው እዚያ ነው፤ አራሷን ባለቤቴን ያረሱልኝ እሳቸው ናቸው። አንድም ቀን ውለታቸውን አንሥተው አያውቁም። ይህ ለምን እንደሚከብደኝ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። ሰው ውለታውን ቢቆጥርብህ ቢያንስ ትቀየመዋለህ። ካልቆጠረብህ ግን የምታደርገው ይጠፋሃል።

አንድ እሑድ እንደልማዳችን ምሳ ልንበላ አሁን ከምንኖርበት ከሳሊተ ምሕረት ተነሥተን ጎሮ ሄድን። ባለቤቴና አማቴ ጓዳ ነበሩ፤ እኔና ልጄ ሳሎን ተቀምጠናል። የአማቴ የወንድም ልጅ በሩን አንኳክቶ ገባ። እኩያዬ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቲማቲም ያመርታል። በአንድ እጁ እየጨበጠኝ በሌላው ጥቁር ፌስታል ይዞ ነበር። ቁጭ ሳይል ፌስታሉን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ የቲማቲም ቅጠል ዘረገፈ። ቅጠሎቹ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ክብ በክብ ውስጥ ሆኖ የተቆረጠ ግንድ ፊት ይመስላል። ዙሪያው ቢጫ ሆኗል።

አማቴ እጃቸውን እየጠረጉ ከጓዳ ወጡ።

«አዳዳ፣ መድኃኒቱ አልሠራም» አላቸው። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው።

«ምን ያህል ረጨህ?»

«ደጋግሜ ነው የረጨሁት። እንዳሳዩኝ ነው የበጠበጥኩት። ዝናብም አልመታውም። ይኸው፣ እየወጣ ወደ ፍሬው ደርሷል።»

አማቴ አንዱን ቅጠል አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ የተማርከው ይህንን አይደል? ውሰድና መርምርልኝ። እሱ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹም እየመጡ ይጠይቁኛል። የምመልስላቸው ላግኝ።»

«እሺ እማማ» አልኩ።

ቅጠሎቹን የምጠቀልልበት ጋዜጣ ከሱቁ እንዳመጣ ነገሩኝ። እሑድ ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነው፤ ከሳሎን በሚያስገባው በር ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ግቢያቸው ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ ስኖር እዚያ ክፍል የገባሁበት ቀን ጥቂት ነው። የመድኃኒቱ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። ጋዜጣው ያለበት ጥግ ስደርስ የቆሙ ጆንያዎች አየሁ። አፋቸው ክፍት ነው፤ ውስጣቸው በባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ታጭቋል። ጠርሙሶቹ ታጥበዋል።

ቆሜ ቀረሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የምንስቅበት ነገር ሁሉ መጣብኝ። ሳሎን ውስጥ አማቴ ለወንድማቸው ልጅ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሲሉ ይሰማኛል፤ ለስላሳ ነው ድምፃቸው። እሱ ከገዛው ዓይነት አንዱን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አነሣሁና ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት። ጋዜጣውን ይዤ ወጣሁ።

ምሳ ቀረበ። አማቴ እንደሁልጊዜው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ጠቀለሉልኝ። ጃኬትህን አውልቅ ሲሉኝ በርዶኛል አልኩ።

በማግሥቱ ሥራ ጀመርኩ። ቅጠሉን ነጠብጣቡ ዳር ላይ በትንሽ በትንሹ ቆርጬ፣ በቀጠነ በረኪና አጥቤ፣ ከድንች በተሠራ የፈንገስ ምግብ ላይ አስቀመጥኩት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከቁራጮቹ ዙሪያ ግራጫ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጣ። እየሰፋ ሲሄድ መሐሉ ጠቆረ። በማይክሮስኮፕ ሳየው የጠበቅኩት ፈንገስ ነው፤ ዘሩ ቀጭን ጭራ ያለው ዱላ ይመስላል፤ ማንም የሙያው ሰው አይስተውም። አማቴ የጠየቁኝን ይህን ፈንገስ በላብራቶሪው መድኃኒት ብቻ ፈትሼ መመለስ እችል ነበር። እኔ ግን ጃኬቴ ውስጥ የመጣ ሌላ ጥያቄ ነበረኝ።

ፈተናውን እንዲህ አዘጋጀሁት። አንዱ ምግብ መድኃኒት የለበትም። ሁለተኛው ላብራቶሪው ለማነጻጸሪያ የሚያስቀምጠው ንጹሕ መድኃኒት አለበት። ሦስተኛው ከአማቴ ጠርሙስ የተወሰደው አለበት፤ መጠኑ ከንጹሑ ጋር እኩል ነው። ከቲማቲሙ ያወጣሁትን ፈንገስ በሦስቱም ላይ አስቀመጥኩ። ከጎኑ ደግሞ ከማቀዝቀዣችን አንድ አሮጌ ፈንገስ አውጥቼ ጨመርኩ። እሱ የተሰበሰበው ገበሬው ይህን መድኃኒት መርጨት ሳይጀምር ስለሆነ መድኃኒቱን አያውቀውም፤ ሲነካው ይሞታል። ስለዚህ ዳኛው እሱ ነው። አሮጌው ፈንገስ የአማቴ መድኃኒት ላይ ካደገ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ ነው ማለት ነው።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ ምግቡ ያለባቸው ትንንሽ ሳህኖች ላይ ምልክት እየጻፈች፣ «ይሄ ጠርሙስ ከየት ነው?» አለችኝ።

«ጎሮ ካለ አንድ ሱቅ።»

«ያው ባለሱቆቹ ናቸዋ» አለችና ሳቀች።

የአማቴ ነው አላልኳትም። መደበቄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሳህኖቹን ፈንገስ የምናሳድግበት ማሞቂያ ውስጥ አስገብቼ በሩን ስዘጋ፣ ጠርሙሱ ውኃ ሆኖ እንዲገኝ የሚፈልግ አንድ ነገር ውስጤ ነበር። አማቴን ጠልቼ አይደለም። ግን እሳቸው ጥፋተኛ ቢሆኑ፣ እኔ ደግሞ ነገሩን ሸፍኜ፣ አስተካክዬ፣ ለማንም ሳልናገር ባወጣቸው፣ ያ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የኖርኩበት ዘመን ሁሉ የሚቀልልኝ መሰለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ እሳቸው የእኔ ውለታ እንዲኖርባቸው ፈለግሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም።

ፈንገሶቹ ገና እያደጉ ሳለ የአማቴ የወንድም ልጅ ደወለ። ዶክተር ባልሆንም ዶክተር ይለኛል።

«ዶክተር፣ ምን ተገኘ?»

«በሽታውን አውቀነዋል። መድኃኒቱን ግን ገና እያየን ነው።»

«የተረፈችውን ልርጫት ወይስ ልተዋት? ሌላ ልግዛ ብዬ ነበር።»

ያኔ «ሌላ ዓይነት ግዛ» ብዬው ቢሆን ይበቃ ነበር። «እስኪጣራ ድረስ ከዚያ ሱቅ ባትገዛ ይሻላል» አልኩት።

«ከአዳዳ ሱቅ?»

«ለጊዜው ነው።»

«ውስጡ ምንድነው ታዲያ?»

«እየፈተሽኩት ነው አልኩህ እኮ።»

«ገባኝ» አለኝ። ምን እንደገባው አልጠየቅኩትም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ያደረግኩት ነገር ጥንቃቄ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጎሮ ደረሰ። አማቿ የተማረ ነው፣ ላብራቶሪ ነው የሚሠራው፣ ከሱቋ አትግዙ ብሏል፤ ይህ ሌላ ሰው ካወራው የተለየ ክብደት አለው። የውጭ ሰው ቢል ምቀኛ ነው ይባላል። የልጅ ባል ሲል ግን ማን ይጠራጠራል? ገበሬዎቹ ቅር ሳይላቸው ወደ መንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ተሻገሩ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከባለቤቴ ነው። ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሳሎኑ መሐል ቆመች። ልጃችን የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ ወደ ክፍሏ ላከቻት።

«እናቴን ላብራቶሪ አስገባሃት?» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ያልገባኝ ለመምሰል ግን ሞከርኩ። «ፈንገሱን ነው የፈተሽኩት። ራሳቸው ናቸው ያሉኝ።»

«ፈንገሱን ነው ያለችህ። መድኃኒቷን ፈትሽ አለችህ?»

«ሱቁ ውስጥ ባዶ ጠርሙስ አየሁ። ጆንያ ሙሉ። ታጥቦ። እኛ ዘንድ እንደዚህ ያለ ነገር ስናይ...»

«ጠርሙሱን የሚመልሱላት ገበሬዎቹ ናቸው» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ቤት ከቀረ ዘይት ይቀዱበታል፣ ልጆች ውኃ ይጠጡበታል ብላ ነው። ባዶውን ካላመጣህ አዲሱን አልሸጥልህም ትላቸዋለች። አጥባ ሥሩን በሚስማር ትበሳዋለች፣ ዳግመኛ እንዳይያዝበት። ሥሩን አላየህም?»

አላየሁም ነበር። አንዱን እንኳ አንሥቼ አላገላበጥኩም።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለች። «እሷን መጠየቅ ቢከብድህ እኔን።»

መልሴን አልጠበቀችም። «ውጤቱ ሲመጣ ለእኔ አትንገረኝ። ሄደህ ለእሷ ንገራት» አለችና ልጃችን ወዳለችበት ክፍል ገባች።

ውጤቱን በማግሥቱ ጠዋት አየሁት። ሳህኖቹን ከማሞቂያው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ለማወቅ ማስመሪያ አያስፈልግም ነበር። አሮጌው ፈንገስ መድኃኒት በሌለበት ምግብ ላይ ሳህኑን ሞልቷል። ንጹሑ መድኃኒት ላይ እንዳስቀመጥኩት ቀርቷል፤ ነጥብ ያህል ነው። የአማቴ መድኃኒት ላይም እንደዚያው፣ ነጥብ ያህል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ትክክለኛ መድኃኒት ነው። ከቲማቲሙ የወጣው ፈንገስ ግን በሦስቱም ላይ አድጓል። ንጹሑ ላይም፣ የአማቴም ላይ፣ መድኃኒት ያለ የማይመስል ጥቁር ክብ ሠርቷል። ሌላ የሚጠረጠር አልነበረም። ፈንገሱ ለምዶታል።

ባልደረባዬ መጥታ አየችና ደስ አላት። «ጥሩ ውጤት ነው። የጎሮው ሱቅ ንጹሕ ነው፤ ፈንገሱ ነው የተላመደው። ምነው አንተ ፊትህ ጠቆረ?»

«ሱቁ የአማቴ ነው» አልኳት።

ያለችው ትዝ አላት መሰለኝ፤ ዓይኗን ወደ ሳህኖቹ መለሰች። «እንዲያ ከሆነ እኮ ጥሩ ነው፣ ነጻ ወጡ» አለች። ነጻ ወጡ የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ። መቼ ተከሰሱና ነው ነጻ የሚወጡት? ከሳሹ ማን ነበር?

ፈተናውን ደገምኩት። መድገም የሥራው ደንብ ነው፤ ማንም ቢጠይቀኝ መልስ ነበረኝ። እኔ ግን የደገምኩት ለደንቡ አይደለም፤ ጎሮ የምሄድበትን ቀን ለማራቅ ነው። ሁለተኛው እስኪደርስ አማቴ ደንበኛ በሌለበት ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ይህንንም አውቅ ነበር። ሁለተኛውም ያንኑ አሳየ።

በሥራ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ከታክሲ ስወርድ ማዶ ያለው ሱቅ በር ላይ ሰዎች ቆመዋል። አንዱ የማውቀው ነው፤ በሠርጌ ቀን የጨፈረ ሰው። አየኝና የመርጫ ዕቃ የሚያይ መሰለ። የአማቴ ሱቅ በሩ ክፍት ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉ።

ዞር ብዬ ወደ ኋላዬ አየሁ። አብሮኝ የገባ ትልቅ ሰው ያለ መስሎኝ ነው። ማንም አልነበረም። ተነሥተው ወንበሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። «ምሳ በልተዋል? ልጅቷ ደኅና ናት?»

ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አንተ ነበር የሚሉኝ። ልጄ፣ አንተ ሰነፍ፣ አንተ ብላ እንጂ፤ ሲቆጡኝም ሲያባብሉኝም አንተ ነበርኩ። አሁን በእርስዎ ውስጥ አስቀምጠው በሩን ዘጉብኝ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

«እማማ፣ ውጤቱ መጥቷል» አልኩ። «መድኃኒቱ ትክክለኛ ነው። ፈንገሱ ነው የለመደው።»

«የእኔን መድኃኒት ፈትሸውት ኖሯል?»

«አዎ።»

«ከየት አገኙት?»

«ያን እሑድ... ከመደርደሪያው ወስጄ ነው።»

ወደ መደርደሪያው አዩ። የትኛው ቦታ እንደጎደለ የሚያውቁ ይመስለኛል። «ቢጠይቁኝ በእጄ እሰጥዎት ነበር» አሉ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ትከሻዬን ያዙና ቀና አደረጉኝ። «ይተዉ» አሉኝ። ተው አይደለም፤ ይተዉ።

ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ስለ ፈንገሱ ነው። ለምዶታል ማለት ምን ማለት ነው አሉ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና አስረዳኋቸው። በተረጨ ቁጥር ደካማው ይሞታል፤ ከብዙው መሐል መድኃኒቱን የሚችል ትንሽ ይተርፋል። የተረፈው ይራባል። እንደገና ያው መድኃኒት ሲረጭ፣ አሁን የሚሞተው ጥቂት ነው። በመጨረሻ እርሻው የእነዚያ የተረፉት ብቻ ይሆናል። መፍትሔው መጠን መጨመር ሳይሆን ዓይነቱን ማፈራረቅ ነው አልኳቸው።

«እሱንማ አደርጋለሁ» አሉ። «ይሄ አልሠራም ካሉኝ ያንን እሰጣቸዋለሁ። አንድ ዓይነት አልሸጥም።» ተነሥተው የተለያየ ቀለም ያላቸው ጠርሙሶች ባንኮኒው ላይ ደረደሩልኝ። የአንዱ ወረቀት አረንጓዴ ነው፣ የአንዱ ሰማያዊ፣ የአንዱ ላይ ቀይ ቲማቲም ተስሏል።

ጠርሙሶቹን እያነሣሁ ከታች በደቃቁ የተጻፈውን አነበብኩ። ስማቸው ይለያያል፣ ፋብሪካቸው ይለያያል። ውስጣቸው ያለው ግን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ነው። አንዱን የለመደ ፈንገስ ሌሎቹንም ይለምዳል።

«እማማ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው።»

«እንዴት አንድ ይሆናሉ?»

ጽሑፉን እያሳየሁ አነበብኩላቸው። እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉ ለእኔም ያስቸግራል። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያዩ ቆዩ። «እኔም አለሁበታ ታዲያ» አሉ ቀስ ብለው። «ቀይሩ እያልኩ ያንኑ ስሰጣቸው ኖሬያለሁ።»

«ማንም አልነገርዎትም።»

«እኔስ ማንን ጠየቅሁ?» አሉ።

አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ። የሚጠይቁት ሰው እኮ ጓሯቸው ውስጥ ይኖር ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከሳሎናቸው ተቀምጬ እየበላሁ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን መደርደሪያ አንድ ቀን ገብቼ አላነበብኩም። ሽታው አፍንጫዬን ይዞኝ ነበር፤ ከሽታውም በላይ ባለሱቅ አማት ያለኝ መሆኑ። ባልደረቦቼ ገበሬውን ለማስተማር ሩቅ አገር ሲሄዱ አብሬ ሄጃለሁ። አማቴን ግን አላስተማርኳቸውም። ጠርሙሱን መስረቄ አሳፍሮኝ ነበር የመጣሁት፤ ከሱቁ ስወጣ ያ ሁለተኛ ኃፍረቴ ሆኖ ነበር።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ለሰዎቹ ከእርስዎ አፍ ይሁን። በእኔ አፍ አይሆንም፤ ለሱቋ ብላ ነው ይላሉ።»

ቅዳሜ እድራቸው በሚሰበሰብበት ቆርቆሮ ቤት አማቴ ገበሬዎቹን ሰበሰቡ። ባለቤቴ አብራኝ መጣች፤ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ ብዙዎቹ አማርኛ ቢሰሙም የወንድማቸው ልጅ ለአዛውንቶቹ አስተረጎመልኝ። ስለ ፈንገሱ ተናገርኩ። ጠርሙሱ ትክክለኛ መሆኑን፣ መድኃኒቱ የደከመው በመደጋገሙ መሆኑን፣ ከአሁን በኋላ ምን ከምን ጋር መፈራረቅ እንዳለበት ነገርኳቸው። ሲተረጎም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ጨረስኩ ብዬ ልቀመጥ ስል ከፊት ያሉ አንድ ሽማግሌ በአማርኛ፣ «ታዲያ መጀመሪያ ለምን አትግዙ አልክ?» አሉኝ።

ለዚህ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። የላብራቶሪ ጥንቃቄ ምናምን የሚል። የወንድማቸው ልጅ አጠገቤ ቆሟል፤ ወሬውን ያወራው እሱ ስለሆነ እሱም መሬት መሬት ያያል።

«ስለጠረጠርኳቸው ነው» አልኩ። «ምንም ሳላጣራ ጠረጠርኳቸው።»

ሽማግሌው ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ምን አሉ ብዬ የወንድማቸውን ልጅ ጠየቅኩት። መናገር አልፈለገም።

«ንገረኝ።»

«ሰው አማቱን ከጠረጠረ ማንን ያምናል ነው የሚሉት።»

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያዩ ነበር። ደስ እንዳላቸው የሚያሳይ ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም። ስማቸው ሲጠራ እንኳ ቀና አላሉም። ስማቸውን ላነጻ የቆምኩ መስሎኝ ነበር፤ እዚያ መቀመጣቸው ራሱ ሌላ ውርደት እንደሆነባቸው የገባኝ ያኔ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ሌባ አለመሆኗ በስብሰባ ሲነገርላት።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቹ ደንበኞች ተመለሱ። ማዶ የለመዱት እዚያው ቀሩ። የወንድማቸው ልጅ የዚያን ወቅት ቲማቲም ነቅሎ ጎመን ተከለ፤ በሚቀጥለው ወቅት መድኃኒቱን እያፈራረቀ ቲማቲም ሞከረና ከበፊቱ የተሻለ አገኘ። ለእኔ አልነገረኝም፤ ከባለቤቴ ነው የሰማሁት። አማቴ አዲስ ዕቃ ሲመጣላቸው ይደውሉልኛል፤ «ጊዜ ካለዎት ቢያዩልኝ» ይላሉ። እሑድ እሑድ ከምሳ በፊት ሱቁ ውስጥ ገብቼ ጠርሙሶቹን አነብባለሁ። የአንድ ቤተሰብ የሆኑትን አንድ መደርደሪያ ላይ እናደርጋለን፤ በአማርኛና በኦሮምኛ በትልቁ ጽፈን እንለጥፍባቸዋለን። እሳቸው ይይዛሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉኛል ስንጨርስ። ሥራውስ ደኅና ይሄዳል። ለምሳ እንጠራለን። ልጄ አንድ ቀን፣ «አያቴ ለምንድነው እንደ ትልቅ ሰው የምታወራህ?» ብላኝ ነበር፤ ስላከበሩኝ ነው አልኳት፤ አላመነችኝም መሰለኝ።

ባለፈው ከጎሮ ስንመለስ ታክሲ እየጠበቅን ባለቤቴ፣ «እናቴ ቅያሜዋን ትተወዋለች። ጊዜ ስጣት» አለችኝ።

«አንቺስ?» አልኳት።

ታክሲው መጣ። የልጃችንን እጅ ይዛ ቀድማኝ ገባች።